ኮማንደር አስፋው ሲቲ ስካን ተነሣ

«ግትር» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ «ይቺ ልጅ ግትር ናት» ሲል ፊቱ ላይ ደስታ ስለማይ፣ እንደ ማዕረግ ቆጥሬው ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከሞተ አርባ ስድስት ዓመት የሆነው ሻርክ ይዤ፣ ሰው ብቻ የሚተኛበት ማሽን ውስጥ ካላስተኛሁ ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ከየካ እስከ ጉርድ ሾላ ያለውን ሰው ያስጨነቅኩት አመሌ ሆኖ እንጂ አብጄ አይደለም። አብዳለች ብለው ጠበል ሊወስዱኝ የተነሱ ግን ነበሩ። የሰፈሬ ሰዎች ናቸውና ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልደብቅላቸውም።

መጀመሪያ ሻርኩ ከየት መጣ ለምትሉ። እኛ ሰፈር ባሕር የለም። ያለን ውሃ ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ ተንደርድሮ ወርዶ የአጥሬን ግርጌ የሚበላው ጎርፍ ብቻ ነው። ሻርኩን ያመጣው አባቴ አስፋው ነው። አባቴ ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበር። እናቴ እኔን አርግዛ እዚህ የካ ስትጠብቀው፣ ሌላው ባል ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ጨርቅ ወይ ነጠላ ጫማ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ የተዘፈዘፈ፣ ክንድ ተኩል የሚያህል ሻርክ ይዞ ከተፍ አለ። ያመጣበትም ዓሣ የሚቀቀልበት ረጅም የብረት ድስት ነው፤ ክዳኑን ዙሪያውን በሻማ አሽጎታል። እናቴ ያን ቀን የተናገረችው ለመጻፍ አይሆንም።

ስሙንም «ኮማንደር» አለው። ያለ ምክንያት አይደለም። ወጥ ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ ኮማንደር ባለፈ ቁጥር ሲቆም ይኖራል። አንዴ እንኳ ኮማንደር ተኝቶ እሱ ቆሞ ቢያናግረው ምን አለበት? በየጠዋቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ክዳኑን ይከፍትና «ኮማንደር፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ኮማንደር ጥርሱን እንዳሳየ ዝም ነው። «ቁርስ አይፈልግም» ይልና አባቴ ፊቱን ሊታጠብ ይወጣል። ከቤተሰብ ሌላ ማንም ሳያውቅ አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድስቱ አሁን የእኔ አልጋ ስር ነው፤ ሰላምታውንም የወረስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከዚህ ሌላ ያወረሰኝ ግትርነቱን ነው።

አሁን ወደ መከራዬ ልምጣ።

ቃል የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ሐዋሳ ስለምትኖር እኔ ዘንድ ሆና ኮተቤ ትማራለች፤ ባዮሎጂ፣ የመጨረሻ ዓመት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት የገባሁት ለወላጆች ስብሰባ ነው። ጽሑፍ ካገኘሁ ግን አልምርም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት አንብቤ ሳልጨርስ ስኳሩን አልገለብጥም። የቃልንም ደብተሮች ከእሷ በፊት የምጨርሰው እኔ ነኝ። የምንለያየው እሷ ስለምትፈተን ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፏ ኮማንደርን መረጠች። የሻርክ የውስጥ አካል ምን እንደሚመስልና ከጥንት ጀምሮ እንዴት እንደመጣ ልትጽፍ። ሦስት ወር ለፋችበት። መምህሯ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «አልጋ ስር ሻርክ ያላት ተማሪ አጋጥማኝ አታውቅም» ብለው ሊያዩት ቤት ድረስ መጡ። ድስቱን ጎትቼ አሳየኋቸው። ተንበርክከው ከአፉ እስከ ጭራው አዩትና መነጽራቸውን እየወለወሉ፣

«ዓርብ ጠዋት ቤተ ሙከራው ለእኛ ነው» አሉ። «ይዛችሁት ኑ፤ ቢላውን እኔው አመጣለሁ።»

«የምን ቢላ?» አልኩ።

«ሆዱን መክፈቻ። የውስጥ አካሉ ሳይታይ ስለ ውስጥ አካሉ አይጻፍም፣ እትዬ። ካልተከፈተ ቃል ሌላ ርዕስ ትፈልግ።»

ሌላ ርዕስ ማለት ከጓደኞቿ ጋር አለመመረቅ ማለት ነው። ልጅቷ ወደ እኔ አላየችም፤ ወለሉን ነው ያየችው። እኔም ያን ጊዜ ወሰንኩ። አባቴ አርባ ዓመት እንዴት አደርክ ያለውን ፍጡር በቢላ አላስነካም። ቃልም ከጓደኞቿ አትቀርም። ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም ይላሉ። ይህን የተረተ ሰው አንድ እግሩን ሳያመው አይቀርም።

ሰውዬው እንደወጡ፣ «ቃል» አልኳት፣ «እኔ ባለፈው ኩላሊቴን ሲያዩኝ ማን በቢላ ከፈተኝ?»

ቃል ቀና አለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሻርክን ለሰው በተሠራው ሲቲ ስካን እያስገቡ ውስጡን እንደሚያጠኑ አሳየችኝ። «እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል፣ አክስቴ፤ ዳቦው ግን ሙሉውን ይቀራል።»

«አበቃ። ኮማንደር ሲቲ ስካን ይነሳል።»

«ሌላም ልንገርሽ? ኮማንደር ሴት ናት። ወንድ ሻርክ ከሆዱ በታች ሁለት ጣት የመሰሉ ነገሮች አሉት። እሷ የላትም።»

«ልጄ፣ አያትሽ ዓሣ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ወንድና ሴት አንቺ አታስተምሪውም።»

ቃል ትከሻዋን ነቀነቀች። ይህን ንግግር አስታውሱልኝ፤ እኔ ንቄው ነው የተዋረድኩት።

ሰኞ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ራጅ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ታካሚው ምኑን ነው የሚያመው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልም፤ «ምንም አያመውም፣ ሞቷል» አልኳት። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ ውሃ ሰጠችኝ። «እናቴ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ለሟች እዚህ አይደለም» ብላ እስከ በሩ ደግፋ ሸኘችኝ። ማክሰኞ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሱ ሰምቶኝ ሲያበቃ «እኔ ማሽን የለኝም፤ ላም ስትታመም ጆሮዬን ሆዷ ላይ ነው የማደርገው» አለ። «እንደሱም ቢሆን ይሞክሩልኝ» ልል ከአፌ መለስኩት። ያን ያህል ተስፋ መቁረጥ አልወድም።

ሰው ሩቅ ሲፈልግ የጎረቤቱን በር ረግጦ ያልፋል። ከሐኪሙ ስመለስ ስኳር ልገዛ እትዬ ራህመት ሱቅ ገባሁ። እትዬ ራህመት ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ አምስት ልጅ እዚያች ሱቅ ውስጥ አሳድገዋል። ለካ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው የበኩር ልጃቸው ነስሩ፣ ጉርድ ሾላ አንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ ሲቲ ስካን የሚያነሳው እሱ ነው። በየቀኑ ሰላም የምለው ልጅ። እናቱ ጓዳ እንደገቡ ቶሎ ቶሎ ነገርኩት። ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ መሳቁን አቆመ።

«ጠዋት ጠዋት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታካሚ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለማየት ውሃ የሞላ ዕቃ አስገብቼ አነሳለሁ። ሐኪሙ ከፈቀዱ፣ ከዚያ ቀጥሎ እናስገባው ይሆናል።»

ሐኪሙ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው አሉ። ነስሩ እዚያው ደወለላቸው። የመለሱትን ራሴ ሰምቻለሁ፦ «ይምጣ። በሥራ ዘመኔ ሳይንቀሳቀስ የተነሣልኝ ታካሚ የለም።»

«ለእናትህ እንዳትነግራቸው» አልኩት ነስሩን ስወጣ። እትዬ ራህመት የሰሙትን፣ ስኳር የገዛ ሁሉ ይሰማዋልና። እንግዲህ የዚህ ሁሉ መዘዝ የእኔ አፍ ነው። ያን ቀን ብነግራቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ረቡዕ ኮማንደርን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈን ፎርማሊኑ እንዲለቀው ውሃ ስንለዋውጥ ዋልን። ነስሩ ብረት ክልክል ነው ስላለ ድስቱ ቤት ይቀራል። ሐሙስ ጠዋት በላስቲክ ጠቀለልነው፣ በአንሶላ ደገምነው፣ የጠዋት ብርድ ነውና ጋቢዬን አለበስኩት። ማን ብርድ ይመታዋል አትበሉኝ፤ ከአባቴ ቤት ራቁቱን አላወጣውም። አቀፍኩት። ስቃኘው ለካ ልክ ሕፃን መስሏል።

የታክሲው ረዳት «ለእናትየዋ ቦታ ልቀቁ» ብሎ ጮኸ። አንድ ወጣት ተነሣልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወዲያው ወደ ጋቢው አዘነበሉ።

«የልጅ ልጅ ነው?»

እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይሁን ብዬ ዋጥኩት። «አይ፣ የአባቴ ነው።»

ሴትዮዋ ይህን ሲያሰላስሉ ትንሽ ቆዩ። ሽታውም ይረዳናል፤ ፎርማሊን የሸተተው ሁሉ ሆስፒታል ይመስለዋል። «ታሞ ነው አይደል? ኧረ አፍንጫውን ገለጥ አድርጊለት፣ ታፍኖ ይሞታል» አሉ።

«ግድ የለም፣ አየር አይፈልግም» አልኩ።

ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ጭራው ከጋቢው ሾልኮ ወጥቶ ሴትዮዋ ጉልበት ላይ አረፈ። ሴትዮዋ አልጮኹም። ጭራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አማተቡ፣ ከዚያ በጣም በቀስታ «ወራጅ አለ» አሉ። ቃል ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን እየነከሰች ሳቋን ያዘች።

ጉርድ ሾላ ስንደርስ ነስሩ ማሽኑን አሙቆ ቆይቷል። ግን ያላሰብነው ነገር መጣ። ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም። ካርድ ደግሞ ስም ይላል።

«ኮማንደር» አልኩ።

«የአባት ስም?»

እዚህ ላይ አስቡት። አገራችን ላይ ስም ብቻውን አይቆምም፤ አባትና አያት ካልተከተሉት ወረቀት አይቀበለውም። ሻርክ ደግሞ አባቱን አይነግርም። ታዲያ ይህን ፍጡር አገር ያስገባው፣ ያኖረው፣ ስም ያወጣለት ማነው?

«አስፋው» አልኩ። «አያት፣ ተክሌ።»

«ዕድሜ?»

«እኛ ቤት ከመጣ አርባ ስድስት። ዘሩን ከሆነ የምትጠይቀኝ፣ ከአራት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።»

«ሦስት አሃዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አርባ ስድስት በለው።»

«ፆታ?» ቃል አፏን ከፈተች። «ወንድ» አልኩ ቀደም ብዬ። የተጠሪ ስልክ የእኔ ተሞላ። በዚህ ዓይነት፣ አባቴ ካረፈ በስድስተኛ ዓመቱ፣ በሕጋዊ ካርድ ወንድ ልጅ አስመዘገብኩለት።

ኮማንደር አልጋው ላይ ተጋድሞ ወደ ቀለበቱ ሲገባ ልቤ እንደ እናት ነው የመታው። እኛ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነን ስክሪኑን እናያለን። መጀመሪያ የታየው ጥርሱ ነው፤ ጨለማ ውስጥ እንደ ከተማ መብራት ቦግ ብሎ። ከዚያ መንጋጋው፣ ከዚያ ከራስ ቅሉ ወደ ኋላ እንደ ዶቃ የተሰካ አከርካሪ።

«ይሄ ሁሉ አጥንት አይደለም» አለች ቃል። «ጆሮሽን ንኪው። እንደሱ ነው፣ ልም አጥንት። የጥንት ዘመዶቻቸው ጠንካራ አጥንት ነበራቸው፣ እነሱ ናቸው የተዉት የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።»

ገባኝ። ቁም ሳጥንና ብፌ ሸጣ በአንዲት ሻንጣ እንደምትኖር ሴት ማለት ነው። ቀለል ብሎ መሄድን የመሰለ የለም።

«አንገቱ ላይ ያሉት ቅስቶች ደግሞ መተንፈሻውን የሚይዙ ናቸው። እኛም እናታችን ማሕፀን ውስጥ ሳለን አንገታችን ላይ እንደነሱ ያለ ነገር ይወጣል። እነሱ ዘንድ መተንፈሻ የሚሆነው፣ እኛ ዘንድ መንጋጋና የጆሮ ትንንሽ አጥንት ይሆናል።»

ጆሮዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን ሲያናግረው ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ለካ ዘመድ ነው ያናገረው፤ በጣም የራቀ ይሁን እንጂ። በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አየሁ። ሻርክ ከዛፍ በፊት ነበር ትላለች ቃል። ተራራውን እንደ ባለርስት የያዘው ባሕር ዛፍ በባሕር ተጭኖ የመጣ እንግዳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለኮማንደር ወገን ግን ዛፍ የተባለ ሁሉ ትናንት የገባ ተከራይ ነው።

ገና አንገቱ ጋ እያለን እውነተኛ ታካሚዎች መጡ። ነስሩ «ሙሉውን ሐኪሙ ያዩታል፤ ከሰዓት ውጤቱንና ሲዲውን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ሸኘን። ኮማንደርን መልሰን ድስቱ ውስጥ አስገባነው፤ ቃል ኮተቤ ሄደች፤ እኔ ጋደም አልኩ። ነገ ዓርብ ነው። ምስሉ ለመምህሯ በቂ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

አሁን ብርቄን ላስተዋውቃችሁ። ብርቄ የእኛው መንደር ልጅ ናት፤ እዚያ ማዕከል ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ውጤት የምታትመውም እሷ ናት። ሐኪሙ፣ ፊታቸው የማይፈታው፣ ውጤቱን እንደማንኛውም ሰው ውጤት በሥርዓቱ ጽፈውታል። ብርቄ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ታካሚ፣ ኮማንደር አስፋው ተክሌ። ዕድሜ አርባ ስድስት። አጥንት፣ የለም። ሳንባ፣ የለም። ጉበት፣ ሆድን ሞልቷል። አንገት፣ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ስንጥቅ። ተጠሪ፣ የእኔ ስልክ።

ብርቄ የሙያ ምስጢር አታወጣም። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው፤ ለጋሽ ወልዴ። ጋሽ ወልዴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው።

አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ወልዴ ጥሩምባቸውን ካፖርታቸው ስር ሸጉጠው፣ እትዬ ራህመት ትልቅ ፔርሙዝ ይዘው፣ ብርቄ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከኋላቸው የመንደሩ ሴት ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ጋሽ ወልዴ ተቀመጡ።

«የአስፋው ልጅ፣ ወንድም እንዳለሽ ለምን ደበቅሽን?»

«የለኝም እኮ፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ካርዱ ኮማንደር አስፋው ተክሌ ይላል። አስፋው ተክሌ የሚባል ሰው እዚህ ሰፈር አንድ ነበር። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ማንም አባትሽን የወቀሰ የለም» አሉ እትዬ ራህመት ፔርሙዙን እያስቀመጡ። «ወንድ ልጅ ምፅዋ ያን ያህል ዓመት ብቻውን ከርሞ... ልጅ ልጅ ነው። ደግሞ ኮማንደር ሆኗል፤ የሚያኮራ ነው። ሾርባ አምጥቼለታለሁ።»

እዚህ ላይ ብልህ ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩን ታስረዳ ነበር። እኔ ግን አንድ አመል አለብኝ፤ ያወቅኩትን የጠየቀኝ ሰው ካገኘሁ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

«አጥንት የለውም የሚሉት እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እውነት ነው። ዘሩ በሙሉ የለውም።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሳንባስ?»

«ኖሮትም አያውቅ።»

«ታዲያ በምኑ ነው የሚተነፍሰው?»

«በአንገቱ ነዋ። ጉበቱ ነው ደግሞ እንዳይሰጥም የሚያደርገው።»

ብርቄ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ወልዴ ከኪሳቸው የእድሩን ቅጽ አወጡ። «ይኸውልሽ፣ ቅጽሽ ላይ ወንድም የሚል የለም። አሁኑኑ እናስገባው። ካረፈ በኋላ ብታመለክቺ ድንኳን አይወጣልሽም።»

«ጋሽ ወልዴ» አልኩ፣ «ኮማንደር ካረፈ እኮ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ራህመት ቀስ ብለው መጥተው እጄን ያዙኝ፤ እጅ አያያዛቸው ተለውጧል። «ትንሽ ጋደም በይ፣ የኔ እህት። ድካም ነው።»

«ነገ ጠዋት እንጦጦ ጠበል ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ በሹክሹክታ፣ እኔ እንደማልሰማ። «መኪና አገኛለሁ። እሱን በቃሬዛ እናወጣዋለን፤ እሷንም አብረን።»

ነገ ጠዋት። ዓርብ። ቤተ ሙከራው። ቃል። ያን ጊዜ ከእንቅልፌ የነቃሁ ያህል ነው የተነሣሁት።

«ነገ የትም አልሄድም» አልኩ። «ኮማንደር እዚህ ነው ያለው። አልጋዬ ስር።»

ብርቄ ተዘረፈጠች። እኔ ተንበርክኬ ድስቱን ጎተትኩ፣ ክዳኑን አነሳሁ። ኮማንደር እንደ ልማዱ ጥርሱን አሳየ። የጋሽ ወልዴ ጥሩምባ ከካፖርታቸው ስር አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

እትዬ ራህመት ድስቱ ላይ አጎንብሰው፣ «ይሄ ዓሣ ነው» አሉ።

«ሻርክ ነው።»

«አጥንት ለሌለው ዓሣ ነው ከቀትር ጀምሮ የአጥንት ሾርባ ሳፈላ የዋልኩት?»

ታሪኩን ከአባቴ ወጥ ቤት ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ቢላውም፣ ስለ ቃልም። ልጨርስ ስል ነስሩና ቃል ሲዲውን ይዘው ገቡ። ነስሩ እናቱን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። እትዬ ራህመት «ግባ፣ አንተን ማታ እናወራለን» አሉት። ቃል ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። አሥራ አምስት ሰው አንዲት ስክሪን ላይ ተደረበ። ሾርባው ለጠያቂዎቹ ተቀዳ።

ቃል ምስሉን ከራሱ ጀምራ እንደ ዳቦ እየቆረሰች ወደ ታች ወረደች። ጥርስ፣ ቅስቶቹ፣ ልብ፣ ያ ጉድ ጉበት፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠቀለለ አንጀት። ጋሽ ወልዴ «ይሄስ? ይሄስ?» ይላሉ። ወደ ሆዱ ግርጌ ስንደርስ ሁለት ቀጫጭን፣ ፈዘዝ ያሉ የዶቃ መስመሮች ታዩ። አንዱ ወዲህ ዞሯል፣ አንዱ ወዲያ።

ቃል እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። ነስሩ ጠጋ አለ። የተማሩት ሁለቱ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ ራህመት ተናገሩ።

«ይህቺ ነፍሰ ጡር ናት።»

ነስሩ ከኪሱ ሁለተኛውን ገጽ አወጣ፤ ብርቄ ሳታነበው የቀረችውን። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን፦ «ካርዱ ላይ ፆታ ይስተካከል። ታካሚዋ ሁለት ጽንስ ይዛለች፤ እያንዳንዱ በየራሱ እትብት ከእናቱ ጋር ተያይዟል። ማንም በቢላ እንዳይነካት እመክራለሁ።»

«ነገ ብንከፍታት ኖሮ» አለች ቃል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቢላው የሚያልፈው በዚህ ነበር።» ጣቷን በሁለቱ መካከል አሳለፈች።

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። አባቴ በቀን ስንት ዓሣ ሆድ ሲከፍት የኖረ ሰው ነው። ያ እጅ የዚህችን ሆድ ሲዳስስ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ከዚያ ሁሉ ዓሣ አንዷን ብቻ ሳይከፍት የተዋት ለምንድን ነው? ያን ጊዜ እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ነበር። ለማንም አልተናገረም። የወንድ ስም አውጥቶላት በየጠዋቱ ደህንነቷን ጠየቀ። እውነቱን አላውቅም፤ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ዓርብ ጠዋት መምህሩ ቢላቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ቤተ ሙከራው መጡ። ቃል ኮምፒውተሯን ከፈተችላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከወንበራቸው አልተነሱም። ሁለቱ ትንንሽ አከርካሪዎች ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፣ አጠለቁ፣ እንደገና አወለቁ። ከዚያ ጨርቁን አንስተው ቢላውን ሳይገልጡት ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። የቃል ርዕስ አልተቀየረም፤ ረዘመ እንጂ። ሰኔ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ጥቁር ካባ ለብሳ ቆማለች፤ ጋሽ ወልዴ ከኋላ ሆነው ጥሩምባቸውን አንዴ ነፍተው በጥበቃ ተይዘዋል።

የዚያ ዓርብ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ እትዬ ራህመት በትልቅ ሳህን ገንፎ ይዘው መጡ፤ ቅቤውና በርበሬው መሐሉ ላይ። ብርቄ ድስቱ አጠገብ ተንበርክካ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።

«ገና መቼ ወለደች?» አልኩ።

«አርባ ስድስት ዓመት አርግዞ መቀመጥ ከመውለድ በምን ያንሳል» አሉ እትዬ ራህመት፣ ማንኪያ እያደሉ።

ጋሽ ወልዴ ቅጹን ይዘው ነበር። ሕጉ ስለ ዓሣ የሚለው ነገር እንደሌለ ሦስቴ አገላብጠው ካረጋገጡ በኋላ፣ ምንም ሳይጽፉ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ክልክል ነው የሚልም የለበትም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና ድስቱን ጎተትኩ። ክዳኑን ከፍቼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰላምታ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

«ኮማንደር» አልኩ፣ «እንዴት አደራችሁ?»